ባዶ እጅ ሳንቃን እንዴት ይሰብራል? የካራቴ ምት ፊዚክስና በእጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በየከተማው በሚዘጋጁ የስፖርት ትርዒቶች ላይ ሕዝቡ ከመቀመጫው ብድግ የሚልበት አንድ ቅጽበት አለ። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ወገቡን በጥቁር ቀበቶ ያሰረ ወጣት ሁለት ሰዎች አጥብቀው በያዙት ሳንቃ ፊት ይቆማል። ትንፋሹን ይሰበስባል፤ አንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ሳንቃው ለሁለት ተከፍሎ ይወድቃል። ከተመልካቹ ገሚሱ ነገሩን ለዓመታት ልምምድና ለመንፈስ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ገሚሱ ደግሞ ሳንቃው አስቀድሞ የተሰነጠቀ ነው ብሎ ይጠረጥራል። በማግስቱ ትርዒቱን ያየ የ14 ዓመት ልጅ በግቢው ያገኘውን ብሎኬት በጡጫ ቢመታና እጁ አብጦ ወደ ድንገተኛ ክፍል ቢመጣ፣ ሁለቱም ግምቶች ያልመለሱት ጥያቄ አብሮት ይመጣል፤ የአንደኛው እጅ ሳይነካ ሲቀር የሌላው ለምን ተሰበረ?

ጥያቄው ግማሹ የፊዚክስ፣ ግማሹ የሕክምና ነው። መልሱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው እጅን እንደ ድንጋይ ማጠንከር አይደለም። እጅ ድንጋይ አይሆንም። ሳንቃው የሚሰበረው በሌላ ምክንያት ነው፤ ይህንን ምክንያት ያልተረዳ አሠልጣኝ ዋጋውን የሚያስከፍለው የተማሪዎቹን እጅ ነው።

“ካራቴ” የሚለው የጃፓንኛ ቃል ትርጉሙ “ባዶ እጅ” ማለት ነው። ጥበቡ ከኦኪናዋ ደሴት ተነሥቶ በጊቺን ፉናኮሺ (1868–1957) እና በሌሎች መምህራን አማካይነት ወደ ዋናው የጃፓን ምድር ተዛመተ። ዕቃ መስበርን በይበልጥ ለዓለም ያስተዋወቁት የኪዮኩሺን ካራቴ መሥራች ማሱታትሱ ኦያማ (1923–1994) ናቸው። በአገራችንም የብሩስ ሊ ፊልሞች በሲኒማ ቤቶች፣ ቆየት ብሎም በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤቶች ከታዩ ወዲህ የካራቴና የቴኳንዶ ማሠልጠኛዎች ተበራክተዋል። ኢትዮጵያ በ2021 በተካሄደው የ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ተወክላለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለሆነም ጉዳዩ የሩቅ ምሥራቅ ወሬ ብቻ ሆኖ መታየቱ ቀርቷል።

ፍጥነት፣ ጊዜና ጉልበት

የማንኛውም ምት መነሻ ሞመንተም ነው። ሞመንተም ማለት የሚንቀሳቀሰው አካል መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው መጠን ነው። የሚንቀሳቀሰው ነገር ሲቆም ይህ መጠን ወደ ዜሮ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ በመቺውም በተመቺውም ላይ የሚያርፈው ጉልበት የሞመንተሙ ለውጥ ለወሰደው ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከሩቅ የተወረወረለትን እንቁላል የሚቀልብ ሰው እጁን ወደ ኋላ እየሳበ የሚቀበለው ይህንን ሕግ አጥንቶ ባይሆንም አውቆት ነው። ጊዜውን ሲያረዝም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ እንቁላሉም ይተርፋል።

የካራቴ መቺ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የአንድ ሰው ጡጫ ከክንዱ ጥቂት ክፍል ጋር 0.7 ኪሎ ግራም ቢሆንና በሰከንድ 7 ሜትር ቢጓዝ ሞመንተሙ 4.9 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህ ጡጫ በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቢቆም አማካዩ ጉልበት 98 ኒውተን ነው፤ የ10 ኪሎ ዕቃ ክብደት ያህል ማለት ነው። በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቢቆም ግን 980 ኒውተን ይደርሳል፤ አንድ ኩንታል እህል በአንድ ጊዜ እንደ መጫን ነው። እጁ ያው እጅ፣ ፍጥነቱም ያው ፍጥነት ነው። የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። ጠንካራ ሳንቃ ጡጫውን በአጭር ጊዜ ያቆመዋል፤ ትራስ ግን በዝግታ ያቆመዋል።

ከሞመንተም ሌላ የእንቅስቃሴ ኤነርጂ አለ፤ ይህም የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሞመንተሙ በእጥፍ፣ ኤነርጂው ግን በአራት እጥፍ ያድጋል። ቀጭን ነገር ግን ፈጣን መቺ ከግዙፍና ዘገምተኛ ሰው የተሻለ የሚሰብረው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ርዕስ ላይ እጅግ የታወቀው ጽሑፍ በ1979 “ሳይንቲፊክ አሜሪካን” በተባለው መጽሔት የወጣው የማይክል ፌልድ፣ የሮናልድ ማክኔርና የስቲቨን ዊልክ ሥራ ነው። ማክኔር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙ፣ በካራቴም ጥቁር ቀበቶ የታጠቁ ነበሩ። በኋላ የጠፈር ተጓዥ ሆነው ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። ተመራማሪዎቹ የመቺዎችን እጅ በፈጣን ፎቶግራፍ ተከታትለው የሠለጠነ እጅ በሰከንድ ከ10 እስከ 14 ሜትር እንደሚጓዝና ከ3,000 ኒውተን የሚበልጥ ጉልበት ማሳረፍ እንደሚችል አሳይተዋል።

ከጥናቶቹ የተገኘው ሌላው ቁም ነገር ጡጫ በጉዞው ሁሉ እኩል ፈጣን አለመሆኑ ነው። ፍጥነቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ክንዱ ከ70 እስከ 80 በመቶ ገደማ ሲዘረጋ ነው። ክንዱ ፈጽሞ ሲዘረጋ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ጀማሪው ዓይኑን በሳንቃው ፊት ላይ ተክሎ እዚያው ለመድረስ ይመታል፤ እጁም ሳንቃው ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ ሊያልቅ ተቃርቧል። ልምድ ያለው መቺ ግን ከሳንቃው ኋላ ያለውን ቦታ ያልማል። አሠልጣኞች “ሳንቃውን አልፈህ ምታ” የሚሉት ብዙውን ጊዜ እንደ መንፈሳዊ ምክር ቢሰማም በሚሊሜትርና በሚሊሰከንድ የሚለካ እውነት ነው። ፍርሃትም የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው። የፈራ ሰው ከመምታቱ በፊት ክንዱን ወደ ኋላ የሚስቡትን ጡንቻዎች ሳያውቀው ያጠብቃል፤ ፍሬን ይዞ እንደሚነዳ ሾፌር ይሆናል።

የምቱ ምንጭም ክንድ ብቻ አይደለም። እግር መሬትን ይገፋል፤ ዳሌ ይዞራል፤ ትከሻ ይከተላል፤ እጅ መጨረሻ ላይ ይወረወራል። እያንዳንዱ ክፍል ያለፈውን ፍጥነት ተቀብሎ ይጨምርበታል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ጡንቻው ቢፈረጥምም ምቱ ይደክማል። በ2012 “ሴሬብራል ኮርቴክስ” በተባለው መጽሔት የታተመ የለንደን ተመራማሪዎች ጥናት 12 ባለ ጥቁር ቀበቶ ካራቴ ተጫዋቾችን ካልሠለጠኑ 12 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በአጭር ርቀት የሚሰነዘረው ጡጫ ብርታት የተዛመደው ከጡንቻ ጥንካሬ ጋር ሳይሆን የትከሻና የእጅ አንጓ ከፍተኛ ፍጥነቶች በጊዜ ከመገጣጠማቸው ጋር ሆኖ ተገኝቷል። በሠልጣኞቹና በሌሎቹ መካከልም በአነስተኛው አንጎል አካባቢ ባለው ነጭ የነርቭ ቃጫ አወቃቀር ልዩነት ታይቷል። “የመንፈስ ኃይል” ተብሎ የሚጠራው ነገር ቢያንስ በከፊል በአንጎል ምስል ላይ የሚታይ የቅንጅት ችሎታ ነው።

ሳንቃው የሚሰነጠቀው ከሥሩ ነው

ተመልካች ሁሉ የሚያየው ጡጫው የሚያርፍበትን ገጽ ነው። ስንጥቁ ግን የሚጀምረው በተቃራኒው፣ ማንም በማያየው ገጽ ላይ ነው። ደረቅ ጭራሮ በሁለት እጁ ይዞ ያጠፈ ሰው ይህንን በቅርበት ሊያስተውል ይችላል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ጎን ይጨመቃል፤ ወደ ውጭ ያበጠው ጎን ይለጠጣል፤ የሚሰነጠቀውም የተለጠጠው ነው። በሁለት ጫፉ የተደገፈና በመካከሉ የተመታ ሳንቃም እንዲሁ ነው። የላይኛው ገጽ ሲጨመቅ የታችኛው ይለጠጣል፤ የመለጠጥ አቅሙ ሲያልቅ ከሥር የተነሣው ስንጥቅ በቅጽበት ወደ ላይ ይሮጣል።

ኮንክሪት በዚህ ረገድ እጅግ ደካማ ነው። ተራ ኮንክሪት ሲጨመቅ ከ20 እስከ 40 ሜጋፓስካል ይችላል፤ ሲለጠጥ ግን ከ2 እስከ 5 ሜጋፓስካል ላይ ይሰነጠቃል። ግንበኞች በቢም ውስጥ ፌሮውን በታችኛው ወገን የሚያበዙት ለዚህ ነው፤ የሚለጠጠውን ወገን ኮንክሪቱ ብቻውን አይችለውም። በትርዒት ላይ የሚሰበረው የሲሚንቶ ንጣፍ ደግሞ ፌሮ የለውም። ሰባሪው የሚገጥመው የኮንክሪቱን ጥንካሬ ሳይሆን ድክመቱን ነው።

በእንጨት ላይ የሚሠራው ምስጢር የቃጫው አቅጣጫ ነው። ማገዶ የፈለጠ ሁሉ እንደሚያውቀው እንጨት በቃጫው አቅጣጫ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ቃጫውን አቋርጦ ለመቁረጥ ግን ምሳርም ይደክማል። ለመስበር የሚዘጋጅ ሳንቃ ስንጥቁ ቃጫውን ተከትሎ እንዲሄድ ሆኖ ይቆረጣል፤ ድጋፎቹም ከቃጫው ጋር ትይዩ ይደረጋሉ። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሆኖም አንድ ሰው ሳያውቅ ሳንቃውን ሩብ ዙር አዙሮ ቢይዘው የመቺው እጅ የሚገጥመው ፍጹም ሌላ ዕቃ ነው። የእንጨቱ ደረቅነትም ወሳኝ ነው። ደረቅ እንጨት ቶሎ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ያለው ግን ይጎብጥና ምቱን ይመልሳል። በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ መስበሩ ይቀላል፤ ሲጠብ ይከብዳል።

የውፍረቱ ጉዳይ ብዙዎችን ያሳስታል። የአንድ ወጥ ሳንቃ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ለመስበር የሚያስፈልገው ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። ሁለት ያልተጣበቁ ሳንቃዎች ቢደራረቡ ግን የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ብቻ ነው። በመካከላቸው እንደ እርሳስ ያሉ ትናንሽ እንጨቶች ገብተው ክፍተት ከተፈጠረ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይቀላል። ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ስለሚሰበሩ፣ የላይኛው ስባሪም እየወደቀ የታችኛውን ስለሚመታ ማለት ነው። አሥር ንጣፍ በክፍተት ደርድሮ የሰበረ ሰው የአንዱን አሥር እጥፍ ሠርቷል ማለት አይደለም። በአንጻሩ ክፍተት የሌላቸውን ሦስት ንጣፎች የሰበረ ሰው ምናልባት ከእርሱ የበለጠ ሠርቷል።

ለምን ኮንክሪት ይከብዳል?

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር አለ። በፊዚክስ ትምህርት ላይ በሰፊው የሚሠራበትን ምሳሌ እንውሰድ። 0.14 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳንቃ 16 ሚሊሜትር ያህል ጎብጦ በ650 ኒውተን ገደማ ጉልበት ይሰበራል። እስከሚሰበር ድረስ የሚያጠራቅመው ኤነርጂ 5.2 ጁል ነው። 3.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን የኮንክሪት ብሎክ ግን 1.1 ሚሊሜትር ብቻ ጎብጦ በ2,900 ኒውተን ገደማ ይሰበራል፤ የሚያጠራቅመውም 1.6 ጁል ብቻ ነው። በኤነርጂ ከታየ ኮንክሪቱ ከሳንቃው የቀለለ ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይከብዳል?

መልሱ ያለው በግጭቱ ውስጥ ነው። ጡጫው ዕቃውን ሲነካ መጀመሪያ አብሮ ይዞት መንቀሳቀስ አለበት። ሳንቃው ቀላል ስለሆነ 0.7 ኪሎ ግራም የሚሆነው ጡጫ ብዙም ሳይቀንስ ይዞት ይሄዳል፤ በሰከንድ 4.2 ሜትር የሚጓዝ፣ 6.3 ጁል ያህል የያዘ ጡጫ ይበቃዋል። ብሎኩ ግን ከጡጫው ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ በግጭቱ ጊዜ አብዛኛው ኤነርጂ ይባክናል። 1.6 ጁል ለብሎኩ ለማድረስ ጡጫው በሰከንድ 5 ሜትር ተጉዞ 8.8 ጁል ያህል ይዞ መድረስ ይኖርበታል። ከስድስቱ አምስት እጅ ያህሉ ብሎኩን ሳያጎብጥ ይቀራል።

ለሐኪም ዋናው ጥያቄ ይህ የባከነው 7 ጁል ያህል ኤነርጂ የት ገባ የሚለው ነው። ኤነርጂ አይጠፋም። ጥቂቱ ድምፅ ይሆናል፤ ጥቂቱ ብሎኩን ያርገበግባል፤ የሚበዛው ግን በራሱ በእጁ ውስጥ፣ በቆዳ፣ በስብ፣ በጡንቻ፣ በመገጣጠሚያና በአጥንት መጨፍለቅ ያልቃል። የኮንክሪት ምት ከሳንቃ ምት ለእጅ የከፋ የሚሆነው ብሎኩ ስለሚከብድ ነው፤ ቢሰበር እንኳ።

እጅ የሚተርፈው ለምንድን ነው?

ሕያው ጠጣር አጥንት ሲጨመቅ 170 ሜጋፓስካል ገደማ፣ ሲለጠጥም ከ100 ሜጋፓስካል በላይ ይችላል። ከኮንክሪት ጋር ሲነጻጸር በመጨመቅ በብዙ እጥፍ፣ በመለጠጥ ደግሞ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ እጅ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም፤ በጅማት የተያያዙና በጡንቻ የታቀፉ የ27 አጥንቶች ስብስብ ነው። ጉልበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይከፋፈላል። በእጅ ጠርዝ የሚመታ ሰው የሚያሳርፈው ከትንሿ ጣት በታች ያለውን ወፍራም የመዳፍ ጡንቻ ነው፤ ይህ ጡንቻ በውስጡ ካለው ውኃ ጋር እንደ ትራስ ሆኖ ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ የሳንቃው መሰበር ነው። ሳንቃው 650 ኒውተን ላይ ከተሰበረ በማጎበጡ ሂደት እጁም ከዚያ የበለጠ ጉልበት አይሸከምም፤ ዕቃው እጁን ይለቀዋል፤ እጁም ቀሪውን ፍጥነት ይዞ ያልፋል። ሳንቃው እምቢ ሲል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጉልበቱ እጁ እስኪቆም ድረስ ማደጉን ይቀጥላል። የጎበጠው ሳንቃ ሲመለስ እጁን ወደ ኋላ ስለሚወረውረው የሞመንተሙ ለውጥ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ያመነታ ምት ከደፋር ምት ይልቅ አደገኛ ነው። ይህ ማለት ግን ድፍረት ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም፤ ከአቅም በላይ በሆነ ዕቃ ላይ የተሰነዘረ ደፋር ምት ከሁሉም የከፋ ነው።

ወደ ሐኪም የሚደርሱት እጆች

በጡጫ ምት የሚገኘው የተለመደ ስብራት ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ አጥንት አንገት ስብራት ነው። “የቦክሰኛ ስብራት” ተብሎ ቢጠራም የሠለጠነ ቦክሰኛ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ የሚያገኘው ግድግዳ፣ በር ወይም ሰው በንዴት የመታ ሰው ነው። ምክንያቱ የአካል አወቃቀር ነው። የሌባ ጣትና የመሃል ጣት የመዳፍ አጥንቶች ከእጅ አንጓ ጋር በጠንካራ ሁኔታ የተቆለፉ በመሆናቸው ጉልበቱን ቀጥ አድርገው ወደ ክንድ ያስተላልፋሉ። የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት ግን ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀጭንም ናቸው። የካራቴ መምህራን በፊተኞቹ ሁለት አንጓዎች እንዲመታ፣ የእጅ አንጓም ከክንድ ጋር ቀጥ እንዲል የሚያዙት የኤክስሬይ መሣሪያ ሳይኖር በልምድ የተደረሰበት ትክክለኛ ትምህርት ነው።

የተሰበረው አጥንት ጥቂት መጉበጥ ቢቀርበትም እጁ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ይሠራል። በፍጹም ሊታለፍ የማይገባው የመጠምዘዝ ችግር ነው። ታማሚው ጣቶቹን ቀስ ብሎ ሲያጥፍ አንዷ ጣት በሌላዋ ላይ ከወጣች ስብራቱ ተጠምዟል፤ ሳይስተካከል ከጠገገም ጣቶቹ ለዘለቄታው ይቆላለፋሉ። ያበጠው እጅ ወደ ወጌሻ ሄዶ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። እብጠቱ እየጨመረ፣ እስሩ ሳይላላ ደም ዝውውር ይቋረጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች ቀላል ስብራት ይዘው ወጌሻ ዘንድ የሄዱ ሰዎች እጃቸው ሞቶ እስከ መቆረጥ የደረሱበት አጋጣሚ የታወቀ ነው። የታሰረ እጅ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሲዘረጉ ከባድ ሕመም ካለ እስሩ በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት።

በአንጓው ላይ ያለች ትንሽ ቁስልም አትናቅ። የሰው አፍ የመታ ሰው ቁስሉን ምን እንዳመጣው ብዙ ጊዜ አይናገርም። የጥርስ ጫፍ ወደ መገጣጠሚያው የሚያስገባው ተሐዋሲ ግን በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ሊያጠፋው ይችላል። እንዲህ ያለ ቁስል ይታጠባል፣ ጸረ ተሐዋሲ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ አይሰፋም።

በእጅ ጠርዝ ለዓመታት በሚመቱ ሰዎች ላይ የሚታየው ጉዳት ግን ድምፅ አልባ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ወደ መዳፍ የሚገባው ደም ቅዳ መንጠቆ ቅርጽ ባላት ትንሽ የእጅ አንጓ አጥንት አጠገብ ያልፋል። ምቱ በተደጋገመ ቁጥር ደም ቅዳው በዚያች አጥንት ላይ እንደ ሰንደል ላይ ብረት ይደበደባል። ግድግዳው ተጎድቶ ደም ይረጋበታል፣ ወይም ያብጣል። ከዚያ ትናንሽ የረጋ ደም ቁርጥራጮች ወደ ጣቶች ይሄዳሉ። በሕክምናው ዓለም ሃይፖቴናር ሐመር ሲንድሮም የሚባለው ይህ በሽታ በመዳፋቸው እንደ መዶሻ በሚመቱ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ሲሆን በካራቴ ተጫዋቾችም ላይ ተመዝግቧል። ምልክቱ የቀለበት ጣት ወይም ትንሿ ጣት በብርድ ጊዜ መንጣት፣ መቀዝቀዝና መደንዘዝ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን የእጅ አንጓ ደም ቅዳዎች ተጭኖ ታማሚው ጡጫውን ጨብጦ እንዲከፍት ካደረገ በኋላ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ ሲለቅ መዳፉ በጥቂት ሰከንዶች ካልቀላ ጥርጣሬው ይጠናከራል። በዚያው ቦታ የሚያልፈው ነርቭም አብሮ ስለሚጎዳ የጣቶች ጥቃቅን ጡንቻዎች ሊከሱ ይችላሉ። ለጸሐፊ፣ ለልብስ ሰፊ ወይም ለክራር ተጫዋች ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሰውነት ሳንቃ አይደለም

ሦስት ሳንቃ የሰበረ ሰው የሰው የጎድን አጥንት ሦስት ጊዜ መስበር ይችላል የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። ሳንቃው የሚሰበረው ሁለት ጫፉ ስለተያዘ ነው። ጭንቅላት ግን በአንገት ላይ ነጻ ሆኖ የቆመ ነው፤ ሲመታ ከመጉበጥ ይልቅ ይፈናጠራል። የራስ ቅሉ ሳይሰበር፣ ቆዳውም ሳይቀደድ በውስጡ ያለው አንጎል ይናወጣል።

በ1985 “ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል” ላይ የወጣ ጥናት የእንግሊዛዊውን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ የፍራንክ ብሩኖን ጡጫ ለክቶ ነበር። ጡጫው ዒላማውን ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 8.9 ሜትር፣ ከፍተኛው ጉልበት 4,096 ኒውተን ነበር። አጥኚዎቹ ይህ በሰው ጭንቅላት ላይ ቢያርፍ እስከ 6,320 ኒውተን እንደሚደርስ፣ ጭንቅላቱንም ከመሬት ስበት በ53 እጥፍ እንደሚያፈጥነው አስልተዋል። ምሳሌውንም 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ለስላሳ ነገር የተለበጠ የእንጨት መዶሻ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር እንደ መወርወር ነው ብለው አስቀምጠውታል። በ2005 ደግሞ ሰባት የኦሊምፒክ ቦክሰኞች ተለክተው አማካይ ጉልበታቸው 3,427 ኒውተን፣ ከጡጫው ጋር በምቱ የተሳተፈው መጠነ ቁስም 2.9 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ጭንቅላት በድንገት ሲዞር የአንጎል ቃጫዎች ይጎተታሉ፤ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል የተዘረጉ ደም መልሶችም ሊበጠሱ ይችላሉ። ከትርዒት በኋላ ራስ ምታት የሚያባብሰው፣ የሚያስመልሰው ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ የሚይዘው ወጣት ተኝቶ ይሻለው ተብሎ መተው የለበትም። ጡብን በግንባር መስበር የሚባለውን ትርዒትም ለመደገፍ የሚያስችል የሕክምና ምክንያት የለም።

በደረት ላይ የሚያርፍ ምት ብርቅ ነገር ግን ገዳይ አደጋ አለው። ጤነኛ ልብ ያለው ልጅ ደረቱ ላይ በልቡ ትይዩ ሲመታ፣ ምቱም በልብ ኤሌክትሪክ ዑደት ውስጥ ከቲ ሞገድ ጫፍ በፊት ባሉት ከ15 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከተገጣጠመ ልቡ መምታቱን ትቶ ሊርገበገብ ይችላል። ይህ በ1998 በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት በግልጽ ታይቷል። አጥንት አይሰበርም፤ ልብም አይቀደድም፤ ምቱ ራሱ ብዙ ብርቱ ላይሆን ይችላል። ልጆች ይበልጥ የሚጋለጡት ደረታቸው በቀላሉ ስለሚጨመቅ ነው። ተመትቶ የወደቀና የማይተነፍስ ልጅ ውኃ አይረጭበትም፤ ወዲያውኑ ደረቱን በመጫን የልብ ማነቃቂያ ይጀመርለታል፤ በኤሌክትሪክ ልብን የሚያስተካክል መሣሪያ ካለም በፍጥነት ይመጣል።

ስለ ማጠንከርና ስለ ልጆች

አጥንት በሚሸከመው ጫና መጠን ራሱን እንደሚያድስ ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 ባሳተሙት ሥራ አስረድተዋል። በገመድ የተጠቀለለ ምሰሶ በመምታት እጅን የማጠንከር ልምድ ከዚህ ሕግ ጋር ይስማማል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። አጥንት የሚያድሰው ጊዜ ሲሰጠው ብቻ ነው። በየቀኑ የሚደበደብ እጅ ለእድሳት ጊዜ አያገኝም፤ በአንጓ ላይ የሚወፍረው ቆዳም የአጥንት ጥንካሬ ማስረጃ አይደለም። የመገጣጠሚያ ለስላሳ አጥንት ደግሞ ይህ የመታደስ አቅም የለውም ማለት ይቻላል።

እድገታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ጉዳይ የተለየ ነው። አጥንታቸው የሚረዝመው በጫፎቹ አጠገብ ባለ ለስላሳ ክፍል ሲሆን ይህ ክፍል ከአጥንቱም ከጅማቱም ይልቅ ደካማ ነው። እዚያ ላይ የደረሰ ጉዳት የጣትን ወይም የክንድን እድገት ሊያጎብጥ ወይም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ጉርምስናቸውን ሳያጠናቅቁ ልጆችን ምሰሶ፣ ጡብና ብሎኬት ማስመታት ስህተት ነው። ለእነርሱ ተመልሰው የሚገጣጠሙ፣ በጥንካሬ ደረጃ የተለያዩ የፕላስቲክ ሳንቃዎች አሉ። እነዚህ ካልተገኙ ቀጭን፣ ደረቅና ቃጫው የታየ አንድ ሳንቃ ይበቃል።

ሳንቃውን የሚይዙት ሰዎች ነገርም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያዡ ክንዱን አላልቶ ሳንቃው ወደ ኋላ እንዲሸሽ ካደረገ ጊዜው ይረዝማል፤ ኤነርጂው ወደ ያዡ ክንድ ይገባል፤ ሳንቃው አይሰበርም፤ የመቺው እጅ ይጎዳል። ያዡ ክርኑን ቆልፎ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ተክሎ፣ ጣቶቹን ከምቱ ቦታ አርቆ በሳንቃው ዳር ብቻ መያዝ፣ ፊቱንም ከስባሪው አዙሮ መቆም አለበት። ሳንቃው በመጀመሪያው ምት ካልተሰበረም ያው እጅ ሁለተኛ እንዳይመታበት ያደርጋል፤ ሳንቃውን ያወርዳል፤ የመቺው ጣቶች ተራ በተራ ሲታጠፉ ያያል።